የእርሻ ባለሙያው ሌስሊ ብራውን እና የአርሲው የደጋ አጋዘን

በአሥር ሳንቲም አንደኛው ገጽ ላይ የተቀረጸው ባለ ጠመዝማዛ ቀንድ እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው። ከተሜው ኒያላ በሚለው ስሙ ያውቀዋል፤ የኢንሹራንስ ድርጅቱም፣ መኪና አስመጪውም፣ ሲጋራውም ስሙን ተውሰውታል። የባሌና የአርሲ ደገኛ ግን ገደምሳ ይለዋል፤ የሚያገኘውም ጎሕ ሲቀድ ከአስታው ቁጥቋጦ ወጥቶ በገብስ ማሳው ዳር ሲቆም ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር በዱር አይገኝም። በኢትዮጵያም ቢሆን መኖሪያው ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ያሉት ደጋዎች ብቻ ናቸው።

ኑሮውን በስፋት ያጠናውና ቁጥሩን ለመገመት የደከመው ሰው ሙያው ግብርና ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በናይጄሪያና በኬንያ ስለ አፈር፣ ስለ እርከንና ስለ ሰብል ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። በዓለም ዘንድ በይበልጥ የታወቀው በንስሮችና በውሃ ወፎች ላይ በጻፋቸው መጻሕፍት ቢሆንም፣ ለአርሲና ለባሌ ገበሬ የሚቀርበው በእርሻ ሙያው ነው።

ሌስሊ ሂልተን ብራውን እ.ኤ.አ በ1917 በደቡብ ሕንድ ተራሮች ላይ በምትገኘው ኩኑር ከተማ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወለደ። በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ቀጥሎም በሞቃት አገሮች እርሻ ሠለጠነ። በ1940 በእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ግብርና አገልግሎት ተቀጥሮ ናይጄሪያ ገባ። በ1946 ወደ ኬንያ ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላም ኬንያ ቤቱ ሆነች።

የተመደበበት ኢምቡ በኬንያ ተራራ ግርጌ የሚገኝ፣ ሕዝብ የበዛበት ደጋና ወይና ደጋ አገር ነው። መሬቱ ተዳፋት፣ ዝናቡ ኃይለኛ በመሆኑ አፈሩ በየክረምቱ ይታጠባል። የብራውን ሥራ እርከን ማሠራት፣ ከእርከኑም በኋላ ገበሬው ገንዘብ የሚያገኝበትን ሰብል ማስተከል ነበር። በዚያን ጊዜ የኬንያ ቡና በአብዛኛው በነጭ ሰፋሪዎች እጅ ነበር። እ.ኤ.አ በ1954 የወጣው የስዊነርተን ዕቅድ ጥቁር ገበሬዎች በትንንሽ ማሳቸው ቡናና ሌላ የገበያ ሰብል እንዲያለሙ በሰፊው ሲፈቅድ፣ በማዕከላዊ ኬንያ ሥራ ላይ ካዋሉት ሹማምንት አንዱ ብራውን ነበር። ሥራው ከጉልበት የጸዳ አልነበረም። እርከኑ ብዙ ጊዜ በግዳጅ ይሠራ ነበር፤ የመሬት ማጠቃለሉም የተፈጸመው የማው ማው አመጽ በጦር በሚታፈንበት ወቅት ነው። ይሁን እንጂ የገበሬው ኪስ ያላገኘውን ጥበቃ ገበሬው እንደማይጠብቀው በቅርብ ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። እርከኑ ጸንቶ የቆየው ቡና የበቀለበት ዘንድ ነው። ብራውን ከደረጃ ደረጃ እያለፈ የአገሪቱ ዋና የእርሻ ባለሙያ እስከ መሆን ደረሰ።

የዕረፍት ቀኑን የሚያሳልፈው በኢምቡ ካለ አንድ ኮረብታ ላይ ነበር። በዚያ ኮረብታ ልዩ ልዩ ዓይነት ንስሮች ጎጆ ይሠሩ ነበር፤ እሱም በየዓመቱ ወደነዚያው ጎጆዎች እየተመለሰ ስንት እንቁላል እንደተጣለ፣ ስንት ጫጩት እንደበረረ ይመዘግባል። ዛሬ የመስክ ባለሙያ በየዓመቱ አንድን ማሳ እየለካ ምርቱን እንደሚያወዳድር ማለት ነው። በ1955 ስለ ንስሮች የጻፈው መጽሐፍ ታተመ።

እ.ኤ.አ በ1954 ፍላሚንጎዎች የት እንደሚራቡ ለማወቅ ሲል በኬንያና በታንዛንያ ድንበር ወዳለው ናትሮን ሐይቅ ወረደ። ጎጆዎቹ ያሉት ከባሕሩ ዳር ርቆ በሶዳ ጭቃ መካከል ስለነበር በእግሩ ለመድረስ ሞከረ። ጭቃው ዋጠው፤ ሶዳውም እግሮቹን አቃጠላቸው። ከሞት ለጥቂት ተርፎ ለሳምንታት ሆስፒታል ተኛ፤ ከሌላ የሰውነቱ ክፍል ቆዳ ተወስዶ እግሩ ላይ ተተከለለት። ከዳነ በኋላም ፍላሚንጎዎቹን መከታተሉን አልተወም።

ኬንያ በ1963 ነፃ ስትወጣ ብራውን የመንግሥት ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ዓመት ነበር ወደ ባሌ ደጋ የመጣው።

ስለ ደጋ አጋዘን እስከዚያ ጊዜ የሚታወቀው ሁሉ ከአዳኞች የተገኘ ነበር። የሳይንሱ ዓለም እንስሳውን ያወቀው ሻለቃ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ በ1908 ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም በዚሁ በአርሲ ተራሮች ላይ፣ ተኩሶ ከጣለው በኋላ ነው። ሪቻርድ ሊዴከር የተባለው ሊቅ በ1910 ለእንስሳው የሳይንስ ስም ሲሰጥ በአዳኙ ስም ጠራው። የአርሲ ደገኛ ስንት ትውልድ ሲያየው ለኖረ እንስሳ ይህ ትንሽ የሚያስፈግግ ነገር ነው። ከአፍሪካ ትልልቅ የአጋዘን ዘመዶች መካከል ለሳይንስ መጨረሻ የታወቀው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ወደ ውጭ የሄደው ወሬ ስለ ቀንዱ ርዝመት ብቻ ነበር። ቁጥሩ እጅግ ያነሰ፣ ሊጠፋም የተቃረበ ይመስል ነበር።

ብራውን የመጣው በእርሳስና በአጉሊ መነጽር ነው። በ1963 ያየውን ካየ በኋላ በ1966 በአሜሪካው ብሔራዊ ጂኦግራፊ ማኅበር ድጋፍ ለሰፊ ጥናት ተመለሰ። መንገዱ አብዛኛው የእግርና የበቅሎ በነበረበት በዚያ አገር አጋዘኑ ቀን በአስታ ውስጥ እንደሚደበቅ፣ ማታና ማለዳ ወደ ሜዳው እየወጣ እንደሚግጥ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ብርድ እንደሚመርጥ መዘገበ። ያገኘውን እ.ኤ.አ በ1969 ከሃምሳ ገጽ በላይ በሆነ ጽሑፍ አወጣ። ቁጥሩ እንደተፈራው ጥቂት አልነበረም፤ ከ7 እስከ 8 ሺህ ይደርሳል ብሎ ገመተ። የአርሲ ተራሮችም ከመኖሪያዎቹ ውስጥ ተቆጠሩ።

የእርሻ ባለሙያነቱ የታየው ከቁጥሩ ይልቅ ስለ መኖሪያው በጻፈው ላይ ነው። አዳኝ ቢሆን ስንት ወንድ እንደሚተኮስ ይጠይቅ ነበር። ብራውን ያየው የተቃጠለውን አስታ፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ማሳና የሚሰማራውን ከብት ነው። ጥይት አንድ እንስሳ ይጥላል፤ አስታው ከተመነጠረ ግን እናቲቱም ግልገሏም መደበቂያ ያጣሉ። ኢምቡ ላይ ማሳ እንዴት ወደ ተራራ እንደሚወጣ በየዓመቱ ሲያይ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ሥራው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 እንዲቋቋም ዋና መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። ፓርኩ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ብራውን ጥናቱን በሚጽፍበት በዚያው ወቅት፣ እ.ኤ.አ በ1967፣ አሰላ ላይ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ብዙዎች ካዱ እያሉ የሚያስታውሱት፣ ሥራ ጀመረ። ማዳበሪያ፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ የተዳቀለ የወተት ላምና ብድር ገበሬው ደጃፍ ደረሰ። አርሲ ዛሬ የስንዴ አገር የተባለችው ከዚያ ወዲህ ነው። ነገር ግን ስንዴ አትራፊ ሲሆን ባለርስቱ ትራክተር አስገባ፤ ጢሰኛውም ተነሣ። በ1967 ዓ.ም የወጣው የመሬት አዋጅ ጢሰኝነትን ቢሽርም ሜዳው ስንዴ ሆኖ ቀረ። ሜዳው ሲታረስ ለከብቱ የሚቀረው ተራራው ነው፤ ለአዲስ ጎጆ ወጪም የሚቀረው ከገብሱ በላይ ያለው ቁልቁለት ነው። ጭላሎ፣ በዳ፣ ካካና ሁንቆሎ ላይ አስታው ወደ ላይ የሸሸው በክፋት አልነበረም።

ታዲያ ለዚህ ተራራ ጥበቃ የሚከፍለው ማን ነው? ብራውን ለቆጠራው የሚሆን ገንዘብ ያገኘው ከባሕር ማዶ ማኅበር ነው። ለቀጣዩ ቆጠራ፣ ለጠባቂው ደመወዝ፣ ለተበላው ገብስስ?

በሌላ አገር ይህ ጥያቄ ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። በአሜሪካ በ1930ዎቹ ድርቅ ሲበረታና ረግረጉ ለእርሻ ሲደርቅ የሚታደነው የውሃ ወፍ ክፉኛ ቀነሰ። ዲንግ ዳርሊንግ የሚባል የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ፣ ራሱም ዳክዬ አዳኝ፣ በ1934 የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱን እንዲመራ ተሾመ። በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ መሠረት ማንኛውም ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው የውሃ ወፍ አዳኝ የአንድ ዶላር ቴምብር መግዛት ግድ ሆነበት። የመጀመሪያውን ቴምብር የሣለው ዳርሊንግ ነው። ገንዘቡ ረግረግ መግዣና መጠበቂያ ብቻ ይሆናል። ቴምብሩ ዛሬ 25 ዶላር ደርሷል፤ በእሱ ገንዘብ ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ለወፎቹ ተጠብቋል። ወፉን ለመተኮስ የሚፈልገው ሰው ወፉ የሚራባበትን ቦታ ይከፍላል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በኢትዮጵያ የአደን ሕግ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1944 የወጣው የአደን እንስሳት ጥበቃ አዋጅ አደንን በፈቃድ አደረገው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አሠራር ደግሞ እንዲህ ነው። አደን የሚፈቀድባቸው ቀጠናዎች ተከልለዋል፤ ከአርሲ ተራሮች አርባ ጉጉና ሙነሳ ኩኬ ይጠቀሳሉ። በየቀጠናው ስንት እንስሳ መተኮስ እንደሚቻል በየዓመቱ ኮታ ይወጣል። ከደጋ አጋዘን የሚፈቀደው ዕድሜው የገፋ ወንድ ብቻ ነው፤ ሴትና ጥጃ አይነካም። ከውጭ የሚመጣው አዳኝ ፈቃድ ካለው ባለሙያ አዳኝ ጋር ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ እንስሳም ይከፍላል። ለአንድ የደጋ አጋዘን የሚከፈለው ከ10 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው። ከዚህ ክፍያ 85 በመቶው ለክልሉ፣ 15 በመቶው ለፌዴራሉ መንግሥት ይሆናል።

ሂሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። አንድ ያረጀ ወንድ መንጋው ሳይጎዳ ተመርጦ ሲተኮስ የሚገኘው ገንዘብ በተራራው ዳር ያለ ቀበሌ ብዙ ኩንታል ገብስ ሸጦ የማያገኘው ነው። እንደ አሜሪካው ቴምብር ግን ሊሠራ አይችልም፤ ምክንያቱም በዚያ ገንዘቡ መሬቱን ከባለቤቱ ይገዛል፤ እዚህ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን ገበሬው በላዩ ይኖርበታል። ስለዚህ የአዳኙ ገንዘብ እዚህ ሥራው ሰውን ማካካስ ነው፤ አጋዘን ሌሊት ገብቶ ገብሱን ለበላበት፣ ከብቱን ከአስታው ላስወጣ፣ እሳት ሲነሣ ለሚሮጥ። የ85 በመቶው ድርሻ ክልል ግምጃ ቤት ደርሶ ከሌላው በጀት ጋር ተደባልቆ ከቀረ አጋዘኑ ለደገኛው ሰብል የሚበላ አውሬ ሆኖ ይቀጥላል። የወረዳ ሹሙ የሚጠየቀውም እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ዓመት በቀጠናው ስንት ተተኮሰ፣ ስንት ብር ገባ፣ ለየትኛው ቀበሌ ምን ተሠራበት ብሎ በስብሰባ ላይ በቁጥር ማሳየት ይችላል ወይ?

ሁለተኛው ችግር የቆጠራ ነው። ኮታ የሚወጣው ስንት እንዳለ ሲታወቅ ነው። አጋዘኑ ቀን ቀን በአስታና በደን ውስጥ የሚውል በመሆኑ በሜዳ ላይ እንደሚሰማራ ከብት አይቆጠርም። ያለ ቆጠራ የሚወጣ ኮታ ዘሩን ሳያስቀር እህሉን እንደሚሸጥ ገበሬ ነው። ይህን የክፍያ ሥርዓት ብራውን አልነደፈውም፤ ሥርዓቱ የቆመበት የእንስሳውን ኑሮ የማወቅ ሥራ ግን ከእሱ ማስታወሻ ይጀምራል።

ጥበቃው በሰው ፈቃድ ላይ ካልቆመ ምን እንደሚሆን በባሌ ታይቷል። እ.ኤ.አ በ1991 የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት ወቅት የጥበቃው ሥራ ሲላላ በዲንሾ አካባቢ የነበረው መንጋ በጥይት አለቀ፤ ከብዙ መቶዎች የተረፈው ጥቂት ነበር። መንጋው ያገገመው ቀስ በቀስ ነው። ዛሬ የደጋ አጋዘን በዓለም አቀፍ መዝገብ ለመጥፋት ከተጋለጡት እንስሳት መካከል ነው። በአርሲ በኩል የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2011 ተቋቁሞ ጭላሎ ገላማን፣ ካካንና ሁንቆሎን አቅፏል። በፓርክ ውስጥ አደን የለም፤ ከአደን የሚገኘው ገንዘብ የሚመጣው ከፓርኩ ውጭ ካሉት ቀጠናዎች ብቻ ነው።

ብራውን ይህን ሁሉ ለማየት አልቆየም። ከአጋዘኑ ጥናት በኋላ ያሉትን ዓመታት የከፈላቸው ለሁለት ሥራ ነበር። አንደኛው የእርሻ ነው። ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያ ከኮሼሜ ጋር ሆኖ የምሥራቅ አፍሪካን ደጋዎች የእርሻ አየር ንብረት አጠና፤ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ የተካተቱበት ነበር። ዝናቡ ከሚተነው ውሃ ጋር ሲመዛዘን የሰብል ወቅቱ ስንት ቀን እንደሚሆን፣ በየከፍታው የትኛው ሰብል እንደሚያዋጣ የሚመረምር ጥናት ነው። በዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት በኩል በ1973 ታተመ። አጋዘን የቆጠረውና የገብስን ወሰን የለካው አንድ ሰው መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ሁለተኛው የሻላ ሐይቅ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ከነበረው አሜሪካዊ ኤሚል አርባን ጋር በሻላ ደሴቶች ላይ የሚራቡትን ነጫጭ ፔሊካኖች አጠና፤ ጥናቱም በ1969 ወጣ። ሻላ ጥልቅና ጨዋማ ነው፤ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለውም። ወፎቹ ጎጆ የሚሠሩት ደሴቱ ሰው ስለማይደርስበት ነው፤ ለጫጩቶቻቸው ዓሣ የሚያመጡት ግን በአጠገቡ ካለው አብያታ ነበር። አብያታ ውሃ የሚያገኘው በቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ነው፤ ዝዋይ ደግሞ ከመቂና ከካታር ወንዞች። ካታር የሚነሣው ከአርሲ ተራሮች ነው። አስታው ሲቃጠልና ቁልቁለቱ ሲታረስ የሚታጠበው አፈር በዚህ መንገድ ይወርዳል። በኋላ ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃ በዛ፤ አብያታ ላይም የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተተከለ። ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ ጨመረ፤ ዓሣው አለቀ፤ የሻላ ፔሊካኖችም ቀነሱ።

ፔሊካንን የሚያድን የለም። ቀንድ የለውም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ዶላር ከፋይም አይመጣለትም። የካታር ውሃም እንዲሁ፤ የሚከፍልለት አዳኝ የለም። የአደን ገንዘብ የሚከተለው የሚታደነውን ብቻ ነው። ሆኖም በአጋዘኑ ስም የተጠበቀ አስታ ለካታርም ጥላ ነው፤ ስለዚህ ከአርባ ጉጉም ሆነ ከሙነሳ የሚገባው ብር በተራራው ላይ ከዋለ የሚጠቅመው ከአጋዘኑ አልፎ ታች ያለውን የመስኖ ገበሬ ጭምር ነው። ይህን ዝምድና ለማየት ተራራውንም ሐይቁንም በእግር የዞረ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ብራውን በመጨረሻዎቹ ዓመታት የአፍሪካን ወፎች ሁሉ በአንድ ላይ የሚያስፍር ብዙ ቅጽ ያለው መጽሐፍ ጀመረ። አብረውት የጻፉት ኬኔት ኒውማንና ያ የሻላው ባልደረባው ኤሚል አርባን ናቸው። ብራውን ነሐሴ 6 ቀን 1980 እ.ኤ.አ አረፈ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጽ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣ፤ የሻላ ፔሊካኖች፣ ናትሮን ላይ እግሮቹ የተቃጠሉባቸው ፍላሚንጎዎችና የኢምቡ ንስሮች ከስሙ ጋር በአንድ ቅጽ ታተሙ።